ካሜራውን ከመቀየራችሁ በፊት

(በደብረ ብርሃን ለጋራዥ ሠራተኞች፣ ለሙያ ተማሪዎችና ለሹፌሮች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሹፌሮች ደግሞ ሥራ አቁማችሁ ነው የመጣችሁት። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራው ስለ ውስጥ ስፖኪዮ ነው። ስክሪን ስላለው፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ የኋላውን በካሜራ ስለሚያሳየው ስፖኪዮ። ይህ ዕቃ ሲበላሽ ብዙ ሰው «ምን ችግር አለው፣ አንገቴን አዙሬ አያለሁ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የዶልፊን ሚኒባስ የኋላ መስታወት ከፍ ያለ ነው። ከበሩ ሥር የቆመ የሦስት ዓመት ልጅ ሹፌሩ አንገቱን ቢያዞርም አይታየውም። ከተማችንን ደግሞ ታውቋታላችሁ። በገበያ ቀን ሰውና በግ፣ አህያና መኪና በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። መኪና በምናሳድርበት ግቢ ውስጥ ሕፃናት ይጫወታሉ።

አሜሪካኖች ይህን ካሜራ በሕግ ያስገደዱት ሕፃናት ስለሞቱባቸው ነው። ሕጉ የተሰየመው አባቱ መኪና ወደ ኋላ ሲመልስ በሞተ የሁለት ዓመት ልጅ ስም ነው። ከሚያዝያ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚያ አገር ገበያ የሚመረት ማንኛውም አዲስ የቤት መኪና የኋላ ካሜራ ሊኖረው ግድ ነው። ምስሉም የኋላ ማርሽ በገባ በ2 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። ይህችን 2 ሰከንድ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ነገሩ እንግዳ ፈጠራ አይደለም። ቶዮታ ሶረር የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓን ውስጥ ከኋላ ካሜራ ጋር ሸጧል። ካዲላክ ሲቲ 6 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ስፖኪዮውን ሙሉ በሙሉ ስክሪን አድርጎ መጣ። እኛ ዘንድ በብዛት ያለው ግን ኋላ ላይ ጋራዥ ውስጥ የተገጠመው ነው። ጣጣውም የሚበዛው በዚህኛው ነው። ፋብሪካ የዘረጋው ሽቦና እኛ በናስትሮ የጠቀለልነው ሽቦ እኩል ዕድሜ የላቸውም።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የኋላ ማርሽ ሲገባ ብቻ የሚበራው ነው። ካሜራው ጉልበቱን ከኋላ ማርሽ መብራት ላይ ይወስዳል፤ ምስሉ በቢጫ ሶኬት ባለው ገመድ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አንድ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ስፖኪዮውን «ማርሽ ገብቷል፣ ንቃ» ይለዋል። ሁለተኛው ሙሉ ቀን የሚቀርጸው፣ የፊትም የኋላም ካሜራ ያለው ነው። እሱ በ5 ቮልት ይሠራል፤ የኋላ ካሜራውንም የሚመግበው ራሱ ስፖኪዮው ነው። ከኋላ ማርሽ መብራት ጋር የሚገናኘው ቀይ ሽቦ ሥራው መኪና ስናቆም የሚመሩን መስመሮች ስክሪኑ ላይ እንዲወጡ ምልክት መስጠት ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ መፈተሽ አትጀምሩ። በሁለተኛው ዓይነት ካሜራው ዘንድ ሄዶ 12 ቮልት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ዋናው ጉዳዬ። ስፖኪዮው ምስል አላሳይ ሲል የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቃል «ካሜራው ሞቷል» ነው። ደንበኛው ይሄዳል፣ ካሜራ ይገዛል፣ ይገጠምለታል። አንዳንዴ ይሠራል፤ ሶኬቱ ሲነቀልና ሲሰካ ስለተጸዳ። ከሳምንት በኋላ ያው ይመለሳል። እባካችሁ፣ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ኤሌክትሪኩ የት ደርሶ እንደቆመ ጠይቁ። መልሱን የሚሰጣችሁ ግምት ሳይሆን መለኪያ ነው።

ከስክሪኑ ጀምሩ፤ ይናገራል። የኋላ ማርሽ ገብቶ ስክሪኑ ጨርሶ ካልበራ፣ ወይ ጉልበት አላገኘም ወይ ምልክቱ አልደረሰውም። ከበራና ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ፣ ስፖኪዮው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ምስሉ ግን አልደረሰውም። ምስሉ ከመጣና የሚንቀጠቀጥ ወይም መስመር የሚሄድበት ከሆነ ካሜራው በሕይወት አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ላይ ወይም ነጌቲቩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መስመር ላይ ነው። ይህን ለማየት ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ወደ ኋላ ሂዱና የኋላ ማርሽ መብራቱን እዩ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፣ ሞተር ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈት፣ የኋላ ማርሽ ይግባ። ሁለቱም አምፖሎች ካልበሩ ካሜራውን እርሱት። ወይ ፊውዙ ሄዷል፣ ወይ ካምቢዮው ላይ ያለው ማብሪያ አልዘጋም። በብዙ ቆየት ያሉ ቶዮታዎች ላይ የኋላ ማርሽ መብራት «ጌጅ» ከሚለው ፊውዝ ላይ ነው የሚወስደው። እሱ ሲቃጠል የዳሽቦርድ ጠቋሚዎችም አብረው ይጠፋሉ። ሹፌሩን «ጌጁስ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጥያቄ የግማሽ ሰዓት ፍለጋ ይቀንስላችኋል።

መብራቱ ከበራ መልቲሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን አውጡ። እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። የካሜራውን ሶኬት ነቅለው ይለካሉ። 12.6 ቮልት ያያሉ። «ጉልበት ደርሷል፣ ካሜራው ነው» ብለው ይወስናሉ። ግን የነቀሉት ሽቦ ምንም አልተሸከመም። የተበላ መጫኛ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ደህና ነው፤ አህያዋ ላይ ጭነት ሲታሰርበት ነው የሚበጠሰው። ሽቦም እንደዚያው ነው። ከውስጡ ካሉት የመዳብ ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀርና ጫፏ ቢዝግም እንኳ፣ መልቲሜትሩ ሙሉ ቮልት ያሳያል። መልቲሜትር የሚስበው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ ነው።

በቁጥር እንየው። ካሜራ ወደ 0.15 አምፒር ገደማ ይስባል እንበል። የተጎዳው ሽቦ 30 ኦም ቢያግድ፣ 0.15 በ30 ሲባዛ 4.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ካሜራው የሚደርሰው 8 ቮልት ነው። በ8 ቮልት ምስሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ወይም ጨርሶ አይመጣም። ሶኬቱን ስትነቅሉ ግን 12.6 ትመለሳለች። ስለዚህ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ካሜራው እየሠራ ነው የሚለካው። ያ ካልተመቸ በካሜራው ቦታ የ5 ዋት አምፖል አገናኙ። ደህና ሽቦ ከሆነ ቦግ ብሎ ይበራል። የተጎዳ ከሆነ አይበራም፣ ወይም ይፈዝዛል። የሳንቲም ዕቃ ነው፤ እውነቱን ግን ይናገራል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ አንድ የዶልፊን ሹፌር መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል» አለኝ። ሌላ ቦታ ሁለት ካሜራ ቀይረውለታል። «የኋላ በሩን ከፍተህ ሞክረኸው ታውቃለህ?» አልኩት። አላወቀም። በሩን ወደ ላይ ስንከፍተው ምስሉ መጣ። ስንዘጋው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ካሜራውን መንካት አላስፈለገም።

በዶልፊን ላይ የኋላው በር ማጠፊያው ከላይ ነው። ሽቦዎቹ ከጣሪያው ወደ በሩ የሚያልፉት በተጣጠፈች የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ሚኒባስ በቀን ስንት ጊዜ ዕቃ ይጭናል? በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያች ቦታ ይታጠፋሉ። ጎማውን ከጫፉ ነቅዬ ወደ ኋላ ሳብኩት። ሽቦዎቹ ሲታዩ ሁሉም ደህና ናቸው፤ አንዱም አልተላጠም። እንግዲህ እያንዳንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ። ጤነኛ ሽቦ አይለጠጥም፤ ውስጡ መዳብ አለ። ቀዩ ሽቦ ግን ተለጠጠ። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ላጥ አድርጌ ሳሳየው የመዳቡ ጫፍ ጠቁሮና አረንጓዴ ሆኖ ነበር። በሩ ክፍት ሲሆን ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ፤ ሲዘጋ ይለያያሉ። ያ ሰው ሁለት ካሜራ የገዛው ለዚህች ነው።

ሲጠገን ደግሞ መታጠፊያው ላይ አትቀጥሉት። መገጣጠሚያው ይደርቅና በወር ውስጥ አጠገቡ ይበጠሳል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ ወስዳችሁ ከጎማው ወዲህም ወዲያም አልፎ እንዲሄድ አድርጉ። መቀጠያው በሩ ውስጥና ጣሪያው ውስጥ ይሁን። በብየዳ ይያዝ፣ በሙቀት የሚኮማተረው ቱቦ ይልበስ። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ይለቃል። ደግሞ አንዱ ሽቦ ከተበጠሰ ጎረቤቶቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ጎማው ከወጣ አይቀር ሁሉንም ሳቡና ሞክሩ።

ሁለተኛው ችግር ነጌቲቩ ነው። ሰው ፖዘቲቩን ሲያሳድድ ይውላል፣ ነጌቲቩን ግን ማንም አያየውም። የብዙ መኪና ካሜራ ነጌቲቩን ከኋላ መብራቱ ጋር ይጋራል። ሁሉም የሚታሰሩት ቦዲው ላይ ባለች አንዲት ብሎን ነው። ብሎኗ ስትዝግ ምን ይሆናል? የኋላ ማርሽ አምፖል 21 ዋት ነው፤ ወደ 1.75 አምፒር ይስባል። ካሜራው ብቻውን ከሱ ጋር ሲሆን እንደምንም ይሠራል። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሌላ 21 ዋት ይጨመራል። ዝገቱ 1 ኦም ብቻ ቢያግድ እንኳ ነጌቲቩ ዜሮ መሆኑ ይቀርና ወደ 3 ቮልት ይወጣል። ካሜራው የሚቀርለት 9 ቮልት ገደማ ነው። ምስሉ ይጠፋል።

ወደ ኋላ ስንመለስ ፍሬን የምንረግጠው መቼ ነው? ነገር ስንቀርብ አይደለም? ስክሪኑ የሚጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው። ለዚህ ነው ይህን ብልሽት ከሁሉም በላይ የምፈራው። «ፍሬን ስይዝ ይጠፋል» የሚል ሹፌር ከመጣ፣ ወይም «ፍሬቻ ሳበራ አብሮ ብልጭ ብልጭ ይላል» ካለ፣ በቀጥታ ወደ ነጌቲቩ ሂዱ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ በረጅም ሽቦ አስረዝማችሁ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ የካሜራው ነጌቲቭ ላይ። የኋላ ማርሹ ገብቶ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካያችሁ አግኝታችሁታል። ብሎኗን ፍቱ፣ ቀለምና ዝገቱን እስከ ብረቱ ፋቁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ላዩን ቅባት አልብሱት።

ምስል እየመጣ መስመር የሚሄድበትን ቶሎ ልለፈው። ሞተር ሲጠፋ ንጹሕ፣ ሲነሳ የሚበጠበጥ ከሆነ የዲናሞው ጩኸት ገብቶበታል። ገመዱ ከወፍራም የጉልበት ሽቦ ጋር አብሮ መታሰሩን እዩ። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ የኋላ መብራቱን የሚያበራው ኮምፒውተር ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጠ ነው የሚልከው። ለዓይን አይታይም፤ ካሜራው ግን ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ማጣሪያ አለው፣ ወይም በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) ከሌላ ንጹሕ ምንጭ መመገብ ነው። አዲስ የተገጠመ ካሜራ ጭራሽ ምስል ካልሰጠ ወይም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከተንከባለለ፣ የካሜራውና የስክሪኑ ዓይነት አልተስማማ ይሆናል። ኤኤችዲ የሚባለው፣ ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል የሚልከው ካሜራ በአሮጌው ስክሪን ላይ አይነበብም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ አብረው አይሠሩም እንጂ።

የምስሉን ገመድ ለመጠርጠር ቀላሉ መንገድ ካሜራውን ነቅሎ ወደ ፊት ማምጣት ነው። በአጭር ገመድ በቀጥታ ከስፖኪዮው ጋር አገናኙት፣ ጉልበቱን ከባትሪ ስጡት። ምስል ከመጣ ጥፋቱ ረጅሙ ገመድ ነው። በኦም ከለካችሁ ግን ሁለቱንም ጫፎች ንቀሉ። አለበለዚያ ስክሪኑ ውስጥ ያለውን 75 ኦም ታነቡና «ሾርት አድርጓል» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

አሁን ስለ አገራችን አየር። ይህን የመኪናው መመሪያ አይነግራችሁም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። አንድ መኪና በአንድ ጠዋት ከጉም ወደ ሐሩር ይገባል፤ ማታ ይመለሳል። ቆላ ውስጥ ካሜራው ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በተሰነጠቀው ማሸጊያ ይወጣል። ዳገቱን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ አየሩ ይሰበሰባል፤ ውጭ ያለውን እርጥበት ይስባል። ያ እርጥበት ሌንሱ ላይ ከውስጥ በኩል ይጤዛል። ሹፌሩ በጨርቅ ቢጠርገው አይለቅም። በጥቅምትና በኅዳር አመዳይ ሲወርድ ጠዋት ላይ «ካሜራው ነጭ ሆነ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። በመጀመሪያ ከውጭ ጥረጉት። ካልለቀቀ ውስጡ ውኃ አለ። እንዲህ ያለውን ካሜራ ቀይሩት። በዚህ አልከራከርም፤ የታሸገ ዕቃ ነው፣ ከፍቶ ማድረቅ ለጥቂት ቀን ማስታገስ ነው። ግን ፓራውልት ሥር ያለውን ሶኬትም እዩ። የቁልቁለቱ ጭቃና የቆላው አቧራ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። አዲሱ ካሜራ አረንጓዴ በያዘ ሶኬት ላይ ከተሰካ ዕድሜው አጭር ነው።

ሙሉ ቀን የሚቀርጸው ስፖኪዮ ያላችሁ ስሙኝ። በየመሐሉ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ስልክ የሚሞላ ደካማ ቻርጀር ለዚህ አይበቃም፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ደግሞ ከ5 ቮልቱ ላይ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ጠዋት ሞተር አልነሳ የሚላችሁ ደግሞ ስፖኪዮው ከየት እንደሚመገብ አጣሩ። ቁልፍ ቢዘጋም ከማይጠፋ ሽቦ ላይ ከሆነ ሌሊቱን ባትሪ ይበላል። 0.3 አምፒር ትንሽ ትመስላለች። መኪናው ሁለት ቀን ከቆመ ግን ከ14 አምፒር ሰዓት በላይ ትወስዳለች። የቪትዝ ባትሪ ትንሽ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ተደምሮ ያስቀራችኋል።

የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ኤፍ ኤስ አርና ሲኖትራክ 24 ቮልት ነው። ካሜራው 12 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ አይገናኝም። ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ መሐል ይግባ። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ላይ ብቻ ጠልፎ 12 መውሰድም አለ፤ አታድርጉት። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከልክ በላይ የሞላ ይሆንና ሁለቱም ያልቃሉ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እኛም ጋር እየደረሱ ነው። ካሜራቸው የሚሠራው በትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ መለካቱም ያው ነው። ነገር ግን ማርሹ የሚነበበው በኮምፒውተር ስለሆነ እየላጣችሁ ሽቦ አትጥለፉ። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ወፍራም ገመድ ደግሞ ሥልጠናው የሌለው ሰው በእጁ አይንካ። እዚያ ውስጥ ያለው ቮልት ይገድላል። በማንኛውም መኪና ላይ ደግሞ ቢጫ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች በሙከራ አምፖል አትንኩ፤ የኤርባግ ናቸው። ገመድ በፊት ምሰሶው ውስጥ ስታሳልፉ ከኤርባጉ ኋላ ይሂድ። ከፊቱ ከሄደ ኤርባጉ ሲፈነዳ ገመዱን ሰው ላይ ይወረውረዋል።

መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ሹፌሩን አስቀምጡትና አብራችሁ ሞክሩ። ሞተር ይነሳ፣ የፊት መብራት ይብራ፣ ፍሬቻ ይብራ። የኋላ ማርሽ ይግባና ምስሉ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይምጣ። ፍሬን ይረገጥ፤ እንዳይጠፋ። የኋላ በሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈት፣ ይዘጋ። ከዚያ አንድ ልጅ ከኋላ አቁሙና ሹፌሩ በስክሪኑ ላይ እግሩ ድረስ እንደሚያየው ጠይቁት። ካሜራው ወደ ሰማይ ዞሮ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ቢስተካከልም አላለቀም፤ ፍቱና ወደ ታች መልሱት።